ከዐዋጁ ጎን የታተመው



የዚህ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች «ስለ ቀደምት ጋዜጦቻችንና ስለ ተማሪዎች ጽሑፎች ንግግር ያድርጉልን» ብለው ሲጋብዙኝ በደስታ ነው የተቀበልኩት። ብዙ ዘመኔን ያሳለፍኩት ከእነዚህ ወረቀቶች ጋር ነውና ግብዣውን እንደ ክብር እቆጥረዋለሁ።

የዛሬው ንግግሬ በአንድ ሐሳብ ዙሪያ ነው። እየደጋገምኩ ስመለስበት ታገሡኝ። ሐሳቡም ይህ ነው፦ የድሮ ጋዜጣ የሚጠቅመን ሙሉ ገጹ ሲቀመጥ ነው። ዐዋጁን ቆርጠን፣ የንጉሡን ንግግር ለይተን፣ ታዋቂው ሰው የጻፈውን መርጠን አስቀምጠን የቀረውን ከጣልነው፣ ከያዝነው ይልቅ የጣልነው ይበልጣል። በመጀመሪያ ጋዜጦቹ እንዴት እንደተወለዱ ባጭሩ እናገራለሁ፤ ቀጥዬ ወደ ተማሪዎቹ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወረቀቱ እንዴት እንደጠፋና የተረፈውን እንዴት እንደምናቆየው እንነጋገራለን። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ የፈረንጆቹ ሲሆን አስታውቃችኋለሁ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንነሣ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ብላታ ገብረ እግዚአብሔር ግላ ማርያም ሐሳባቸውን በእጃቸው እየጻፉ፣ በእጅ እያስገለበጡ ለሰው ያዳርሱ ነበር። በ1897 ዓ.ም ገደማ ደግሞ ሐረር ላይ የካፑቺን ሚሲዮናውያን በቅዱስ አልዓዛር የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ውስጥ በነበረው ማተሚያቸው በፈረንሳይኛ ጋዜጣ ማውጣት ጀመሩ። ማተሚያው ኋላ ወደ ድሬዳዋ ተዛወረ። አዲስ አበባ ላይ አንድርያስ ካቫድያስ የሚባል ግሪካዊ በአማርኛ ጋዜጣ አዘጋጀ፤ «አእምሮ» ብለው ስም ያወጡለት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ናቸው ይባላል። ያ ጋዜጣ ሲጀመር በእጅ የሚጻፍ ሲሆን ቅጂው 24 ብቻ እንደነበረ ይነገራል። ለመላው አገር 24 ቅጂ! ከእነዚያ አንዱ ዛሬ ከአንዳችሁ ቤት ሣጥን ውስጥ ቢገኝ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ንግግሬን ላዘገየው የምፈልገው ግን 1917 ዓ.ም ላይ ነው። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 23 ቀን፣ ሐሙስ ዕለት፣ «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ የመጀመሪያውን ዕትም አወጣ። ማተሚያ ቤቱን አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ቀደም ብለው በ1914 ዓ.ም አቋቁመውት ነበር። አዘጋጁ ገብረ ክርስቶስ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። አራት ወር ገደማ ቆይቶ ደግሞ ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ጋዜጣውና ትምህርት ቤቱ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የአንዱን ታሪክ ያለ ሌላው ማንበብ አይቻልም። ትምህርት ቤቱ አንባቢ ያወጣል፤ ጋዜጣው ያ አንባቢ ጸሐፊ የሚሆንበትን ቦታ ይሰጠዋል። የምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም ተከፍቶ ስለነበር ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ የሚያውቅ፣ ውጭ አገር ደርሶ የተመለሰ ወጣት አስቀድሞም ነበረ። የሚጽፍበት ግን አልነበረውም። «ብርሃንና ሰላም» ሲመጣ አገኘ።

ሐሙስ ሐሙስ የሚወጣው ያ ጋዜጣ የሚታተመው ቅጂ ከ500 ብዙም የማይበልጥ ነበር። ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት ነውና አንዱ አንብቦ ለሌሎች ሲነግር፣ ከአንድ ቅጂ ስንት ጆሮ እንደሚጠግብ መገመት አያስቸግርም። በውስጡ ምን ነበረበት? ዐዋጅና ደንብ ነበረበት፤ ነጋሪት ጋዜጣ የመጣው በ1934 ዓ.ም ነውና ከዚያ በፊት የመንግሥትን ቃል ሰው የሚያነበው በዚህ ነበር። ከዐዋጁ ጎን ደግሞ ክርክር ነበረ። ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራ ክብር፣ ባሪያን ነፃ ስለማውጣት፣ ጃፓን እንዲያ ስትሠለጥን እኛ ለምን ወደ ኋላ ቀረን ስለሚለው ጥያቄ ይጻፍ ነበር። ከወለጋ ብላታ ደሬሳ አመንቴ ደጋግመው ይጽፉ ነበር፤ አገር እንድትማርና እንድትሠራ የሚያሳስብ ብዕር ነበራቸው። ከአዲስ አበባ ርቆ የተቀመጠ ሰው ለመላው አገር የሚናገርበት መድረክ ሲያገኝ ይኸው የመጀመሪያው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እስቲ አሁን ከመካከላችን የአራት ኪሎን ጋዜጣ አንባቢዎች የማያስታውስ ማን አለ? ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በሚገኝበት በዚያው ሠፈር፣ ድንጋይ ላይ ተደርድረው፣ ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይተው የሚያነቡት ወጣቶች ትዝ ይሏችኋል። ዐይናቸው መጀመሪያ የሚሄደው ወዴት ነበር? ወደ «ክፍት የሥራ ቦታ» ነው። የፊት ገጹን ዜና ኋላ ይደርሱበታል። ያ ወጣት ወረቀቱን ገልብጦ የሚፈልገው ኑሮውን የሚነካውን ነው፤ ደመወዙን፣ የሚጠየቀውን የትምህርት ደረጃ፣ የማመልከቻውን ቀን። ከመቶ ዓመት በኋላ ያንን ወጣት ሊያውቀው የሚፈልግ የታሪክ ተመራማሪ የት ይፈልገዋል? እዚያው ዓምድ ላይ ነው። ያ ዓምድ ግን ማንም ቆርጦ የማያስቀምጠው ነው።

ሙሉ ገጹ ይቀመጥ የምለው ለዚህ ነው። አዘጋጁ እኛ ምን እንደምንጠይቅ አያውቅም ነበር። እሱ ዐዋጁን በትልቁ አስቀመጠ፤ እኛ ዛሬ የምንጠይቀው ምናልባት የጨርቅ ዋጋ ስንት እንደነበረ፣ ባቡሩ በየትኛው ቀን እንደሚነሣ፣ አንድ የመንደር ሰው የተናደደበት ነገር ምን እንደነበረ ሊሆን ይችላል። ነገ ልጆቻችን የሚጠይቁትን ደግሞ እኛም አናውቅም። ስለዚህ ለእነሱ መርጠን ልንቆርጥላቸው አንችልም።

ወደ ተማሪዎቹ ልምጣ። በዚህ ላይ ብዙ እናገራለሁ፤ ልቤ ያለው እዚህ ነውና።

በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ የነበረው የትምህርት ቤት ሕይወት ብዙ ጽሑፍ አፍርቷል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩት ዮፍታሔ ንጉሤ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ቴአትር ያሳዩ ነበር። ለዚያ የሚሆን መዝሙርና ግጥም ይጻፋል፤ ተማሪው በደብተሩ ይገለብጠዋል፤ ይሸመድደዋል። የልጆች ደብተር ግን መዝገብ ቤት አይገባም። የታወቀው ሰው ሥራ ስሙ ስላለ ይፈለጋል፤ ከጀርባው ቆመው ያነበነቡት ልጆች የጻፉት የት እንደገባ የሚጠይቅ የለም።

ከዚያው ዘመን አንድ ወጣት ላንሣላችሁ። መላኩ በያን በፈረንጆቹ 1920ዎቹ መጀመሪያ ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ጋር ለትምህርት አሜሪካ ገባ። ኦሃዮ ውስጥ በማስኪንግም ኮሌጅ ተማረ፤ ኋላ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንቶ በፈረንጆቹ 1935 ተመረቀ። ጦርነቱ ሲመጣ አገሩ ገብቶ ቁስለኛ አከመ፤ ከዚያም ተመልሶ በኒው ዮርክ «የኢትዮጵያ ድምፅ» የሚል ጋዜጣ አወጣ፤ ጥቁር አሜሪካውያን ለኢትዮጵያ እንዲቆሙ ቀሰቀሰ። በ40 ዓመቱ ገደማ፣ ነፃነታችንን ሳያይ፣ በፈረንጆቹ 1940 ዐረፈ።

አሁን ይህን አስተውሉልኝ። መላኩ በተማረበት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በፈረንጆቹ 1924 አንድ ጋዜጣ መሥርተው ነበር፤ ስሙ «ሂልቶፕ» ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ ኋላ ስመ ጥር ደራሲ የሆነችው ዞራ ኒል ኸርስተን ናት። ያ የተማሪዎች ጋዜጣ ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ፣ በኮምፒዩተር ተገልብጦ፣ ከየትም ሆኖ ይነበባል። መላኩ በግቢው በተመላለሰባቸው ዓመታት ተማሪው በምን እንደተከራከረ፣ ምን ዓይነት ጭፈራ ቤት እንደሄደ፣ የትኛውን መምህር እንደወቀሰ ማየት ይቻላል። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ላይ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የተቀመጡት እኩዮቹ ከክፍል ሲወጡ ምን ይባባሉ እንደነበረ ለማወቅ ግን በጋዜጣው ጥግ ላይ የተረፈውን መቃረም አለብን። አንድ ትውልድ ነው፤ የአንዱ ግማሽ ድምፁ አለ፤ የሌላው ግማሽ ተሰባብሮ ነው የደረሰን። ይህን ሳስብ ይቆጨኛል። ልጆቹ የሚናገሩት አጥተው እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። የጎደለው አስቀማጭ ነው።

ወደ እናንተ ዘመን ጠጋ ልበል። በዚህ አዳራሽ ፀጉራቸው የሸበተ ወንድሞችና እኅቶች «ስትራግል»ን ያስታውሳሉ። በስቴንስል ተጽፎ በማባዣ የሚወጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልሳን ነበር። በኅዳር 1962 ዓ.ም ዋለልኝ መኰንን ስለ ብሔረሰቦች የጻፈው ጽሑፍ የወጣው በዚያ ላይ ነው። ያን ጽሑፍ የደገፈውም የተቃወመውም ይጠቅሰዋል፤ ከአምሳ ዓመት በላይ አገር ተከራክሮበታል። አሁን ልጠይቃችሁ፦ በዚያው ዕትም ከዚያ ጽሑፍ በፊትና በኋላ ምን ታትሞ ነበር? ከእኛ ስንቶቻችን እናውቃለን? ጽሑፉን ከገጹ ነቅለን ወሰድነው። ከምን ጋር እንደተጻፈ፣ ለማን መልስ እንደሆነ፣ በዚያ ሳምንት ግቢው ውስጥ ምን ይወራ እንደነበረ የሚነግረን የቀረው ገጽ ነበር። አንድ ጽሑፍ ከአካባቢው ተነጥሎ ሲቆም ሁሉም የፈለገውን ይጭንበታል።

ሦስተኛው ነገር፣ ወረቀቱ እንዴት ጠፋ የሚለው ነው።

አንደኛው ጥፋት በሚያዝያ 1928 ዓ.ም ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከከተማው ከወጡ በኋላ የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን እስኪገባ ድረስ አዲስ አበባ ተዘረፈች፤ ተቃጠለች። ወረቀት ለእሳት ቅርብ ነው። «ብርሃንና ሰላም»ም በወረራው ተቋረጠ። በ1929 ዓ.ም ከየካቲት 12 ጀምሮ ፋሽስቶች የተማረውን ወጣት እያደኑ ሲገድሉ ደግሞ፣ ከወረቀቱ ጋር ወረቀቱን የጻፉትም ጠፉ። ከነፃነት በኋላ «አዲስ ዘመን» ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም ሲጀምር ከሞላ ጎደል በአዲስ ብዕረኞች የተጀመረ ነበር።

ሁለተኛው ጥፋት በቀይ ሽብር ዘመን ነው። አሰሳ መጣ ሲባል እናቶች የልጆቻቸውን ወረቀት ምድጃ ውስጥ ጨመሩ፤ ጓሮ ቀበሩ። ማንም አይወቅሳቸውም፤ የልጅ ነፍስ ከወረቀት ይበልጣል። ግን በእነዚያ ምድጃዎች ውስጥ የአንድ ትውልድ የተማሪ ጽሑፍ ነደደ።

ሦስተኛው ጥፋት ጠላትም መንግሥትም የሌለበት፣ የዕለት ተዕለት ነው። ጋዜጣ ለለውዝና ለቆሎ መጠቅለያ ሆነ። በጭቃ ቤቶቻችን ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ይህን በክፉ አላነሣውም፤ ብዙዎቻችን ማንበብ የተለማመድነው አልጋ ላይ ተጋድመን ከግድግዳው ጋዜጣ ነው። እንዲያውም የግድግዳው ጋዜጣ ሙሉ ገጹን ይዞ ነበር የሚለጠፈው። ቤቱ ሲፈርስ ግን አብሮ ፈረሰ።

የተረፈውስ? የተረፈው በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በወመዘክር፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት፣ በየሰው ቤት ተበታትኖ ይገኛል። ወመዘክር የተቋቋመው በ1936 ዓ.ም፣ የጥናት ተቋሙ በ1955 ዓ.ም ነው። ሁለቱም የመጡት የቀደምት ጋዜጦቻችን ዘመን ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ የያዙት አብዛኛው ሰው አቆይቶ ኋላ የመጣላቸው ነው። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች በጠባብ በጀት የሚያደርጉትን ሳይ አክብሮቴ ይጨምራል።

አንድ የዚያ ዘመን ጥራዝ ስትከፍቱ ምን እንደምታዩ ልንገራችሁ። ወረቀቱ ከእንጨት የተሠራ ርካሽ ወረቀት ነው፤ በውስጡ ያለው አሲድ ራሱን በራሱ ይበላዋል። ስለዚህ ዳሩ እንደ ሻይ ቡናማ ሆኗል፤ መሀሉ ይነጣል። ገጹ የታጠፈበት መሥመር ላይ ፊደሎቹ ተፍቀዋል፤ ጣታችሁን ብታሳርፉበት ቅርፊት ሆኖ ይነሣል። ቀና ብላችሁ በብርሃን ብታዩት ደግሞ የፊደሉ ጥርስ ከጀርባ ጎብጦ ይታያል፤ የእርሳስ ፊደል ወረቀቱን ተጭኖት ስለነበር። እያንዳንዷን ፊደል አንድ ፊደል ለቃሚ ከሣጥን መርጦ በእጁ ደርድሯታል። የእኛ ፊደል ከሁለት መቶ በላይ ነውና ሣጥኑም ብዙ ነው፤ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥቡም አለ። አንዳንድ ቦታ «ሐ» ሲያልቅበት ይሁን ሲቸኩል «ሀ» ሲያስገባ ታዩታላችሁ። ያንን ሳይ የሠራተኛው እጅ በገጹ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ይህ የፊደል ጉዳይ ለዛሬ ሥራችንም ትልቅ ጣጣ አለው። ጋዜጦቹ በስካነር ቢገለበጡና በኮምፒዩተር ቢፈለጉ ደስ ይለናል። ግን «ፀሐይ» ብላችሁ ብትፈልጉ በሌላ አጻጻፍ የታተመውን መሣሪያው ያልፈዋል። «ዓመት» እና «አመት»፣ «ሥራ» እና «ስራ» ለእሱ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ሞክሼ ፊደላቱን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ሥርዓት ያስፈልጋል፤ የታተመው ጽሑፍ ግን እንዳለ፣ ሳይታረም መቀመጥ አለበት። ከእናንተ መካከል ኮምፒዩተር የምትማሩ ልጆች አላችሁ፤ ይህ ለእናንተ የሚሆን ሥራ ነው። ከማይክሮፊልምም ሆነ ከስካን በፊት የሚመጣ ሌላ ነገር ግን አለ፤ እሱም ወረቀቱን ማግኘት ነው።

ስለዚህ የመጨረሻው ክፍል ወደ ቤታችሁ የሚሄድ ነው።

የአባታችሁ ወይም የአያታችሁ ሣጥን ውስጥ አሮጌ ጋዜጣ፣ የትምህርት ቤት መጽሔት፣ በስቴንስል የተባዛ ወረቀት ካለ፣ እባካችሁ ስኮች አትለጥፉበት፤ ስኮቹ ከወረቀቱ በፊት ይበላሽና ወረቀቱን ይዞት ይሄዳል። በላስቲክ አታስለብጡት። የታጠፈውን በግድ አትዘርጉት። የዛገ ስፒል ካለበት በቀስታ ንቀሉለት፤ የታሰረበት ላስቲክ ካለ ፍቱለት። ካርቶን ውስጥ አስተኝታችሁ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ምስጥና እርጥበት ከማይደርስበት አኑሩት። ፎቶ ስታነሡ በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ቦታ ይሁን፤ ስማችሁን ወይም የዘመዳችሁን ስም ያገኛችሁበትን ቦታ ብቻ አታንሡ። ከፊት እስከ ጀርባ፣ ከነዳሩ፣ ከነማስታወቂያው አንሡት።

ወጣቶች፣ እናንተ ደግሞ በትምህርት ቤታችሁ ሚኒ ሚዲያ የምታነቡት ጽሑፍ፣ ግድግዳ ላይ የምትሰቅሉት መጽሔት፣ በቴሌግራም ቻናላችሁ የምትለቁት ግጥም ከዓመት በኋላ የት ይገኛል? በየዓመቱ መጨረሻ አትማችሁ፣ ቀኑን ጽፋችሁ፣ አንድ ቅጂ ለትምህርት ቤቱ፣ አንድ ቅጂ ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስጡ። መርጣችሁ አትስጡ፤ ጥሩ አይደለም የምትሉትንም ጨምሩ።

ታላላቆቼ፣ ከእናንተ የምፈልገው ደግሞ ማንም ሌላ ሊሰጠን የማይችለውን ነው። በዘመናችሁ የተማሪ መጽሔት ላይ ብዙው ጽሑፍ ያለ ስም ወይም በብዕር ስም ነው የወጣው። ያኔ ለምን እንዲያ እንደተደረገ ታውቃላችሁ። ከብዕር ስሙ ጀርባ ማን እንደነበረ፣ ስቴንስሉን ማን እንደጻፈው፣ ማባዣው የት ተደብቆ እንደነበር የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በወረቀቱ ላይ አትጻፉ፤ ለብቻው በእርሳስ ጻፉና በኤንቨሎፕ አብራችሁ አስቀምጡ። በሕይወት ያለውን ሰው ስም ከማውጣታችሁ በፊት ግን እሱን ጠይቁት።

በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ መዝገብ ተቀምጧል። በቤቱ የዚህ ዓይነት ወረቀት ያለው ሰው ምን ዓይነት እንደሆነና የስንት ዓመት እንደሆነ ይጻፍልን፤ ወረቀቱን ትቶ መሄድ አይጠበቅበትም፤ በፎቶ አንሥተን እንመልስለታለን። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።